ዕድሜያቸው ለሚለያይ ልጆች ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፦ ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች ሲገናኙ ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች መካከል ደጋግሜ የምሰማው፣ በዕድሜ ለሚራራቁ ልጆች ምን፣ መቼና በየትኛው ቋንቋ ድምፅ አሰምቶ ማንበብ እንደሚሻል ነው። የ4 ዓመቱ ልጅ የሚወደው መጽሐፍ ለ12 ዓመቷ ያልፍባታል፤ የ12 ዓመቷን የሚመስጣት ደግሞ ለትንሹ ገና አይገባውም። መካከል ላይ ያለው የ8 ዓመቱ ልጅ ራሱን ችሎ ማንበብ ስለ ጀመረ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በእነዚህ ዕድሜዎች ላይ የሚገኙ ሦስት ልጆቼን ቤት ውስጥ ሳስተምር አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አካሄዶች ሁሉ ሞክረናቸዋል፤ አንዳንዶቹን ትተናቸዋል፣ አንዳንዶቹን አሻሽለን ይዘናቸዋል።

ሌላው ሁሉ የሚመሠረትበትን አንድ ነገር ላስቀድም። ከአገር ውጭ የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጅ ሁለት ዕድሜ አለው፤ አንደኛው ከተወለደበት ቀን የሚቆጠረው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አማርኛ የሚሰማበት የጆሮው ዕድሜ ነው። ትልቋ ልጄ በእንግሊዝኛ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ሕገ መንግሥት የተጻፈ ምዕራፍ ያለ ማንም እርዳታ አንብባ የምትጨርስ ሆና ሳለ፣ በአማርኛ ግን «ይቅርና» ወይም «እንጂ» የገባበትን ዓረፍተ ነገር መከተል የሚያቅታት ጊዜ ነበር። በመጻሕፍት ጀርባ ላይ የሚታተመው የዕድሜ ምድብ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ዕድሜ ብቻ ነው። ስለዚህ ምድቡን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ወላጅ፣ ወይ የቋንቋውን ክብደት ዘንግቶ ልጁን ያስጨንቀዋል፣ ወይ ቋንቋውን አቀለልኩ ብሎ ትልቁን ልጅ እንደ ሕፃን ይቆጥረዋል። ከዚህ በታች ያለው ምክሬ ሁሉ ይህን ልዩነት ለማስታረቅ የሚደረግ ጥረት ነው።

ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ማስተማር ወይስ ከትምህርት ቤት መልስ ማንበብ?

ይህን ምርጫ በቅድሚያ የሚወስነው የሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። በጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ውስጥ ማስተማር አይፈቀድም፤ በስዊድንም በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የትምህርት ሕግ የሚፈቅደው እጅግ ለተለየ ሁኔታ ብቻ ነው። በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ቤተሰብ ያለው ዕድል የማታና የቅዳሜና እሑድ ንባብ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች የቤት ትምህርት የተፈቀደ ቢሆንም ግዴታው ይለያያል። በቨርጂኒያ ወላጁ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያስታውቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅም እስከ ኦገስት 1 ድረስ የልጁን መሻሻል በፈተና ውጤት ወይም በግምገማ ያሳያል። በሜሪላንድ ትምህርቱ ከመጀመሩ 15 ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በካውንቲው ክትትል ሥር የሆነ ቤተሰብም የልጁን ሥራዎች ማኅደር በዓመት እስከ 3 ጊዜ ያስገመግማል። ቴክሳስ የቤት ትምህርትን እንደ ግል ትምህርት ቤት ስለሚቆጥረው ዓመታዊ ፈተና አይጠይቅም።

እነዚህ ልዩነቶች ንባቡን በቀጥታ ይነኩታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈተናውን የመረጠ ቤተሰብ የሚመዘነው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የአማርኛውን ንባብ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት የለም፤ ካልተጠነቀቁ ግንቦት ላይ የፈተናው ዝግጅት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። በሜሪላንድ ግን የተነበቡት መጻሕፍት ዝርዝር ከነቀኑ ማኅደሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቤት ውስጥ ማስተማር ለንባብ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ማለዳውን ነው። ልጆቹ ቁርስ በልተው ገና ሳይደክሙ፣ ስልክ ሳይጮኽና ሳይቸኩሉ ለ40 ደቂቃ መስማት ይችላሉ። ከትምህርት ቤት ደክሞ የተመለሰ ልጅ ያንን ያህል ጆሮ አይተርፈውም። ይሁን እንጂ አንድ ወላጅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማውጣት ያሰበው ለአማርኛውና ለንባቡ ብቻ ከሆነ፣ እንዳያወጣቸው እመክራለሁ። ከመኝታ በፊት በየቀኑ 15 ደቂቃ ማንበብ በዓመት ከ90 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህን ሳያቋርጥ የሚያደርግ ቤተሰብ፣ ቤት ውስጥ እያስተማረ ንባቡን አንድ ቀን ይዞ ሁለት ቀን ከሚተው ቤተሰብ ይበልጣል። የቤት ትምህርት የወላጅን ሙሉ ቀን፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ሰው ደመወዝ የሚጠይቅ ውሳኔ ስለሆነ ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩት ይገባል።

ሁሉንም አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?

የመጀመሪያውን ዓመት የጀመርነው ለየብቻ በማንበብ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ያለ አይመስልም። ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ስንሰጥ 75 ደቂቃ ይሆናል፤ በሁለት ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። ለአንዱ ሳነብ ሌሎቹ ይጣላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፄ ይዘጋል። ጥቅምት ሳያልቅ ለትልቋ የሚነበበው ቀረ። የቀረውም ፍላጎት አጥታ አልነበረም፤ ትንሹ ሲቀርበት ስለሚያለቅስ፣ እሷ ግን ዝም ስለምትል ነው። ይህን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለየብቻ መሆን ያለበት ግን አለ። ፊደል ማስቆጠርና ልጁ ራሱ እንዲያነብ ማለማመድ ለየብቻ ካልሆነ አይሆንም፤ ታናሹ ሲንተባተብ ታላቁ ቀድሞ ይመልስለታልና። የ4 ዓመት ልጅ አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ እንዲደገምለት ይፈልጋል፤ ይህ መደጋገም ቃላቱን የሚይዝበት መንገድ ስለሆነ ሊከለከል አይገባም፤ ነገር ግን ሌሎቹ አብረው እንዲሰለቹ መገደድ የለባቸውም። እንዲሁም ትልቅ ልጅ በወንድሞቹ ፊት የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ስለ ሞት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ራሱ ሰውነት።

አንድ ላይ ማንበብ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ልጅ ራሱ አንብቦ ከሚረዳው ይልቅ ሲነበብለት የሚረዳው ይበልጣል፤ ይህ ልዩነት ማንበብ ከጀመረም በኋላ ለዓመታት ይቆያል። በመሆኑም የ8 ዓመት ልጅ ራሱ ሊያነበው የማይችለውን ታሪክ ሰምቶ ሊከተለው ይችላል። የ4 ዓመቱም ሁሉንም ባይረዳ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባለፈው የካቲት ስለ ዓድዋ ጦርነት ስናነብ ይህን በዓይኔ አየሁት። ትንሹ ከምዕራፉ ውስጥ የያዘው ፈረሶቹን ብቻ ነበርና ፈረሶቹ ውኃ ከየት ይጠጡ እንደ ነበር ጠየቀ፤ ውኃ መቀሌ ላይ ለተከበበው ምሽግም ዋናው ጉዳይ ስለ ነበር ጥያቄው በጣም ተገቢ ሆኖ ተገኘ። የ8 ዓመቱ ካርታ አምጥቶ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ያለውን መንገድ በክር ለካ። ትልቋ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ ቆመች። አማርኛው ንጉሡ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊነጋገሩ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ ማድረጉን ስትሰማ፣ «እና ማንም ሁለቱን ጎን ለጎን አላነበበም?» አለች። በሁለት ቋንቋ መካከል የምትኖር ልጅ ስለሆነች ነገሩ የገባት ከእኔ ቀድሞ ነው። አንድ ንባብ ነበር፤ ሦስቱም የወሰዱት ግን የተለያየ ነው።

አንድ ላይ ሲነበብ መጽሐፉን በመካከለኛው ልጅ ልክ፣ ወይም ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ መምረጥ ይሻላል። በትንሹ ልክ ከተመረጠ ትልቋ ትነሣለች፤ በትልቋ ልክ ከተመረጠ ሁለቱ ይቀራሉ። ትንሹን ዝም ብለህ ተቀመጥ ማለት ግን አያስፈልግም። እኛ ቤት ንባብ ሲጀመር እጅ ሥራ አይፈታም፤ የ8 ዓመቱ በትሪ ላይ ምስር ይለቅማል፣ ትልቋ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ትንሹ በጭቃ ይጫወታል። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ጆሯቸው እንደሚከፈት ብዙ እናቶች ያውቁታል። የሚያስፈራ ነገር ያለበትን ምዕራፍ ግን አስቀድሞ አንብቦ መለየት ያስፈልጋል፤ ጅብ ልጅ የሚወስድበትን ተረት ማታ አንብቤ የ4 ዓመቱ ለሳምንት ከእኛ ጋር ተኝቷል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የጋራው ንባብ ምሰሶ ይሁን፣ ለየብቻ የሚነበበው አጭርና በተራ ይሁን። በሳምንት አራት ማለዳ አንድ ላይ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ለብቻው መስጠት ለአንድ ወላጅ ጉሮሮ የሚቻል ነው።

ታላቅ ለታናሽ እንዲያነብ ማድረግ

ይህን አማራጭ ከዘመናዊ የማስተማሪያ መጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ፊደል የሚቆጥረው፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ ላይ የደረሰው፣ ዳዊት የሚደግመውም ሁሉ በአንድ ግቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። በቁርኣን ቤቶችም በሉሕ ላይ የተጻፈውን ድምፅ አሰምቶ መቅራትና ታናሹን ማስቀራት የተለመደ ነው። ልጆች በዕድሜ ተለያይተው በየክፍላቸው የሚማሩበት አሠራር ለእኛ አዲስ ነገር ነው፤ ባለ ብዙ ዕድሜ ንባብ ግን የቆየ ሀብታችን ነው።

ከላይ ላነሣሁት የሁለት ዕድሜ ችግር ከሁሉ የተሻለው መድኃኒትም ይኸው ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለራሷ አንብቢ ብትባል የማትነካውን ባለ ሥዕል የአማርኛ መጽሐፍ፣ ለወንድሟ አንብቢለት ስትባል ክብሯ ሳይነካ ታነበዋለች። ስሕተቷን የሚቆጥርባት ሰው የለም፤ ትንሹ ወንድሟ ደስ ብሎት ያዳምጣል፤ በዚህ መካከል የእሷ የአማርኛ ዕድሜ በጸጥታ ያድጋል። ሁለት ነገሮች ግን መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ወላጅ አጠገብ ሆኖ ማረም የለበትም። ሁለተኛ፣ ይህ ንባብ ትልቋ ከምትሰማው ንባብ ላይ የሚቀነስ መሆን የለበትም፤ አለዚያ እሷ ሞግዚት ትሆናለች እንጂ ተማሪ አትሆንም።

በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይስ በሁለቱም?

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያነቡት፣ ልጁ በፈተና ወደ ኋላ እንዳይቀር ፈርተው ነው። በአሜሪካ የሚያድግ ልጅ ግን እንግሊዝኛውን ከጎረቤት፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከጓደኛና ከቴሌቪዥን ያገኘዋል፤ ሀብታም አማርኛ የሚያገኘው ግን ከቤቱ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ወላጅ የሚያነብበት ቋንቋ የሚመካበት ቋንቋ ቢሆን ድምፁ ይለሰልሳል፣ ቀልዱ ይገባዋል፣ ልጁ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ አያጣም። ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ብቻ ማንበብም ቢሆን፣ ማንበብ የሚማር የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ ላለበት የቤት ትምህርት አይበቃም፤ የእንግሊዝኛውን ፊደልና ድምፅ የማያያዝ ትምህርት ሌላ ማንም አያስተምርለትምና።

አማርኛን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ያሳያል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ይበላል» ሲላላ በላተኛውን፣ ሲጠብቅ ደግሞ የሚበላውን ምግብ ይናገራል። አገር ቤት ያደገ ሰው ከልጅነቱ ስለ ሰማው ሳያስብ ለይቶ ያነበዋል። ፊደልን በመጽሐፍ ብቻ የቆጠረ የውጭ አገር ልጅ ግን ከወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ምልክት የለም። ፊደሉን ሁሉ አጥንተው ሲያነቡ እንደ ባዕድ የሚሰሙን ልጆች ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ይህ ነው፤ በልጅነታቸው ብዙ አልተነበበላቸውም።

ሁለተኛው ጠባይ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ጅቡ አህያይቱን ከወንዙ ዳር ብቻዋን ቆማ ባያት ጊዜ ሊበላት ተጠግቶ ሳለ የጅራፍ ድምፅ ቢሰማ ትቷት ሸሸ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ሰሚው የአህያይቱን ዕጣ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ድረስ አያውቅም። እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ እዚህ ይደክማል። እኔ ይህን ድካም ወደ ጨዋታ ለውጬዋለሁ፤ ከመጨረሻው ግሥ በፊት ቆም እላለሁ፣ እነሱ ይሞላሉ። ትንሹ «በላት!» ብሎ ይጮኻል፤ ታላቅ ወንድሙ «የጅራፍ ድምፅ ሰምቶ እንዴት ይበላታል?» ይለዋል። ልጆቹ ሳያውቁት የዓረፍተ ነገሩን አሠራር እየለመዱ ነው።

በሁለቱም ቋንቋ ማንበብን የመረጡ ወላጆች እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበው ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ እንዳይተረጉሙ እለምናለሁ። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል እንዲህ አደርግ ነበር፤ ልጆቹ አማርኛውን በትዕግሥት አሳልፈው ትርጉሙን መጠበቅ ለመዱ። በዚህ ፈንታ ከንባቡ በፊት አራት ወይም አምስት ከባድ ቃላት በዕቃ፣ በሥዕል ወይም በሌላ አማርኛ ማስረዳት፣ ከንባቡ በኋላ ደግሞ ልጁ በፈለገው ቋንቋ እንዲተርክ መተው የተሻለ ነው። አባትና እናት የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ያንብቡ። ማለዳ አማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ብሎ በሰዓት መለየትም ይሠራል፤ ቤታችን አሁን የያዘው ይህን ነው። በእስራኤል በዕብራይስጥ ለሚያድጉ የኛ ልጆችም ሥርዓቱን ሳይለውጡ መጠቀም ይቻላል።

መጽሐፍ ማንበብ፣ ተረት መንገር ወይስ የተቀዳ ድምፅ?

ተረት መንገር ንባብን አይተካም፤ ንባብም ተረትን አይተካም። መጽሐፍ የጽሑፍ ቋንቋ ይሰጣል፤ «በመሆኑም»ን፣ «ሳለ»ን፣ «ዘንድ»ን ልጅ ከወጥ ቤት ወሬ አያገኛቸውም። ተረት ደግሞ የቃል መልስ ይጠይቃል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መቀበል፣ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ደግሞ ሌላው ተራውን መውሰድ አለበት። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ብሎ ያልቻለ አገር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በካሜራ ፊት ሆነው እንኳ ልጆቹን ያናግሯቸው ነበር፤ የዚያ ዝግጅት ጉልበት ይህ ይመስለኛል። የአማርኛ ዕድሜው ዝቅ ላለ ትልቅ ልጅ ተረት ከመጽሐፍ ይሻላል፤ በተለይ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ቃላቸው አጭር፣ ሐሳባቸው ግን ለ12 ዓመትና ለ14 ዓመት አእምሮ የሚመጥን ነው። ሰምና ወርቁን ለመያዝ ልጁ ራሱ ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው መጠየቅ ይጀምራል።

የተቀዳ ድምፅ ለመኪና መንገድና ወላጅ ለታመመ ቀን ጥሩ ነው፤ ልጁ ጥያቄ ሲኖረው ግን ቴፑ አይቆምም። አገር ቤት ያለች አያት በስልክ ቀድታ የምትልከው የአምስት ደቂቃ ተረት ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ድምፁን ያውቁታል፣ መልሰውም ይደውሉላታል።

መጻሕፍቱ ከየት ይገኛሉ?

የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት እጥረት የቆየ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሰጡት የአማርኛ መጽሐፍ በማጣታቸው ነው ራሳቸው ወደ ማሳተሙ የገቡት፤ በኋላም አገር ቤት ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ዛሬ ሁኔታው ከዚያ ተሻሽሏል። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የተባሉት ድረ ገጾች በነጻ የሚነበቡና የሚታተሙ የአማርኛ ታሪኮች አሏቸው፤ በየደረጃቸው ስለ ተከፋፈሉም ከልደት ዕድሜ ይልቅ ለጆሮ ዕድሜ ይመቻሉ። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም የሚታተሙት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ገጽ ስለሚይዙ ታላቅ ለታናሽ ለሚያነብበት ሰዓት ተስማሚ ናቸው። በነጻ የሚገኙትን ግን አስቀድሞ ለራስ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሱ፣ ሲነበቡ አፍ ላይ የሚደናቀፉ አሉባቸው። እኔ እንዲህ ያለውን በእርሳስ አቃንቼ ነው የማነበው። በእንግሊዝኛ የሚፈልጉ፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የመጻሕፍት ፕሮግራም በሚሠራበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በነጻ በፖስታ ይደርሳቸዋል።

ሕፃን ላላቸው፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከተወለደ ጀምሮ እንዲነበብለት ያሳስባል። ለዚያ ዕድሜ መጽሐፍ መምረጥ አያስጨንቅም፤ ለታላላቆቹ የሚነበበው ይበቃዋል፤ እሹሩሩውም አለ።

ቅዳሜ በቡና ሰዓት

ማለዳውን ማግኘት ለማይችሉ ቤተሰቦች፣ ለእኛም ከሳምንቱ ንባብ ሁሉ የማይቀረው የቅዳሜው ነው። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። አቦሉ ሲፈላ ለትንሹ ባለ ሥዕሉን መጽሐፍ ትልቋ ታነባለች። በቶናው የጋራው መጽሐፍ ይቀጥላል፤ አባታቸው ስለሚኖር እሱ ያነባል፣ እኔ ከልጆቹ ጋር እሰማለሁ። በረካው ላይ ትንሹ ፈንዲሻውን ይዞ ስለሚሄድ ጊዜው የትልቋ ነው፤ ምን እንደሚነበብ የምትመርጠው እሷ ናት። ግጥም የመረጠችበት፣ ጋዜጣ የመረጠችበት፣ አያቷ በ1970ዎቹ የጻፉትን ደብዳቤ አውጥታ አብረን ያነበብንበት ቀን አለ። ሦስት ስኒ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያንስም።

የምናነበውን ሁሉ በአንድ ደብተር እንይዛለን፦ ቀኑን፣ ርእሱን፣ ቋንቋውን፣ ያነበበውን ሰው። ደብተሩ በሜሪላንድ ላሉ ጓደኞቼ ለማኅደራቸው ይጠቅማቸዋል፤ ለእኔ ደግሞ የትኛው ልጅ ለስንት ቀን ለብቻው እንዳልተነበበለት ወዲያው ያሳየኛል። መጽሐፍ የምንተውበት ደንብም በደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፏል፤ ንባቡ ሲቆም ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከሦስቱ ልጆች አንዱም እንኳ «ትንሽ ጨምሩልን» ካላለ፣ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ እንጀምራለን።